ቁጥር ሦስት አይገለበጥም

የጠፋው ላፕቶፕ ነው። ሰው አልሞተም፣ ደም አልፈሰሰም። እንዲያም ሆኖ በሃያ ስድስት ዓመት የምርመራ ሥራዬ እንደዚህ መዝገብ ያሳፈረኝ የለም። ያፈርኩትም በሌባው አይደለም።

ጥሪው ደርሶኝ ካርታ ሥራ ቢሮው ስገባ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሠራተኛው የስብሰባው ክፍል በር ላይ ተኮልኩሏል። ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሁለት ላፕቶፖች። የሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ቻርጀሩ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ቀርቶ ገመዱ ተንጠልጥሏል። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱም ከውስጥ ተቆልፏል።

ነገሩን ያስረዳኝ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ባልደረቦቹ «ቻርጀር» ይሉታል፤ ቻርጀር የጠፋበት ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው።

«ነገ ጠዋት ምርጫ ነበረን» አለኝ። «ለመስክ ቀያሾቻችን ላፕቶፕ ልንገዛ ነው። ቀለል ያለ መሆን አለበት፣ ተሸክመውት ዳገት ይወጣሉ። ስክሪኑ በጣትና በብዕር የሚሠራ፣ ወደ ኋላ ተገልብጦ እንደ ታብሌት የሚያዝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የስክሪኑ ጥራት። ካርታ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ካልታየች የአንድ ሰው አጥር ጠፋ ማለት ነው። ሦስት ነጋዴዎች አንዳንድ ናሙና አመጡልን። ከምሳ ሰባት ሰዓት ስንመለስ ቁጥር ሦስት የለም።»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው?»

«ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። ልዩነታቸው እዚህ ተጽፏል» ብሎ አንድ ወረቀት ሰጠኝ።

ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ደቃቅ ጽሑፍ ነው። አንብቦ እንደጨረሰ ሰው ራሴን ነቀነቅኩና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። መነጽሬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ ሰው ፊት ግን አላደርገውም። ለምን ብትሉኝ በቂ መልስ የለኝም። መርማሪ ዓይኑ ከደከመ ምን ቀረው የሚል ከንቱ ኩራት ነው።

ላፕቶፖቹን አየሁ። ቁጥር አንድ ቦግ ብሎ ያበራል፣ ፊደሉ ግን ጉንዳን ነው፤ ተውኩት። ቁጥር ሁለት ፈዘዝ ያለ ቢሆንም ፊደሎቹ ጎላ ጎላ ብለዋል። ካርታው ላይ የወንዞቹንና የመንደሮቹን ስም ዓይኔን ሳላጨናብስ አነበብኩ። ይሄኛው ይሻላል፣ ለራሴም አንድ ልገዛ ይገባል አልኩ በልቤ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

«የክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?»

«አንዱ ዋና ካርታ ሠሪያችን ዘንድ። አንዱ እትዬ ዘንድ።»

እትዬ የፅዳት ሠራተኛዋ ናቸው፤ ቢሮው በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ዛሬ «ናቸው» እያልኩ እጽፋለሁ። ያን ቀን ግን ኮሪደሩ ላይ፣ ሠላሳ ሰው ፊት፣ «አንቺ፣ ነይ እስቲ» ነበር ያልኳቸው። ታላቅ እኅቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው።

«ምሳ ሰዓት ማን ገባ?»

አለቆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። «ማንም አልገባም። ጠርጌ፣ ቆልፌ ወጣሁ።»

«ቦርሳሽን ገልብጪው።»

ገለበጡት። ግማሽ ሳሙና፣ ባዶ የምሳ ዕቃ፣ ለማሰፋት የያዙት የልጅ ጫማ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ የታጠበ የውስጥ ልብስ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ላፕቶፕ የለም። ዕቃቸውን ሊለቅሙ ሲያጎነብሱ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ያገዛቸው አልነበረም፤ እኔም ቆሜ አየሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ ሽበታም ሰው ግድግዳውን ተደግፈው ፊታቸውን ሲያዞሩ ትዝ ይለኛል።

«ጌታዬ፣ ሌላም የምነግርዎት ነገር አለ» አሉ እትዬ ቀና ብለው።

«አብሮኝ ለመጣው መዝጋቢ ተናገሪ» አልኳቸውና አለፍኩ።

*

ሽበታሙ ሰው ዋና ካርታ ሠሪው፣ የምርጫው ኮሚቴም ሰብሳቢ ናቸው። «ጋሽ ንስር» ይሏቸዋል። ሌሎች በአጉሊ መነጽር ያላገኙትን ስህተት በባዶ ዓይናቸው ከመቶ ካርታ መሐል ነቅሰው ያወጡ ነበር ይባላል። ቢሯቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰፋፊ ጠፍጣፋ መሳቢያዎች የተደረደሩበት ነው፤ የድሮ የወረቀት ካርታዎች የሚተኙባቸው።

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ግቢ ውስጥ በእግሬ ስዘዋወር። ሐኪም አዞኛል።»

«ማን አየዎት?»

«እንጃ። እኔ ማንንም አላየሁም።»

«ቁልፍዎስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው፣ ይኸው።» ቁልፉን ከሌሎቹ መሐል በጣታቸው ዳብሰው ለዩት። ዕድሜ ነው አልኩ።

ቃላቸውን ጽፌ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። «አንብበው ይፈርሙ።»

«አምንዎታለሁ። የት ላይ ነው የምፈርመው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ፈረሙ። ወረቀቱን ሳነሳ እሳቸውም ተነሱ።

«እትዬን ምን ታደርጓቸዋላችሁ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

ለእትዬ አዝነው ነው የጠየቁኝ ብዬ አለፍኩት።

*

የበሩ ዘበኛ አንድ ነገር ነገረኝ። ስድስት ተኩል አካባቢ ቁጥር አንድን ያመጣው ነጋዴ ቦርሳ አንጠልጥሎ ሲወጣ አይቷል። ደስ አለኝ። ተፎካካሪ፣ ቦርሳ፣ ምሳ ሰዓት፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።

ነጋዴውን ከሱቁ አስጠራሁት። ሽቶ የተርከፈከፈ ሰው ነው፤ ገና ሳይቀመጥ ላቡን ጠረገ።

«ምንም አልወሰድኩም፣ ኢንስፔክተር። ስክሪኔን ልወልውል ነው የገባሁት። በጨርቅ ጠረግኩ፣ ብርሃኑን እስከ ጫፉ ከፍ አደረግኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» ጫማውን አየ። «የሌሎቹን የሁለቱን ብርሃን ትንሽ ዝቅ አደረግኩ።»

«ትንሽ?»

«ሊጨልም ትንሽ እስኪቀረው። ጥፋቴ ነው፤ እንጀራ ነው።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስድስት ከሩብ። ሦስቱም ነበሩ። ፊደላቸው በሦስቱም ላይ ደቃቅ ነው፤ ብርሃን ያለው ብቻ ይነበባል ብዬ ነው እኮ እንደዚያ ያደረግኩት።»

«ማን ከፈተልህ?»

«እትዬ። ለምኛቸው ነው። ሲጠርጉ ጠበቅኳቸው፣ አብረን ወጣን፣ ቆለፉ።»

ቦርሳውን አስፈተሽኩ፤ መወልወያ ጨርቅና የዋጋ ዝርዝር ነው። የነጋዴው ነገር እዚያ ላይ አበቃ። እትዬ ግን «ማንም አልገባም» ብለውኛል። ዋሹኝ። አንድ የዋሸ ሰው፣ አንድ ቁልፍ፤ ሌባዬን አገኘሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ካፈሰስኩት ውስጥ ተለቅሞ ያላለቀ አለ።

ጣቢያ አስመጣኋቸው። መዝጋቢው ቃላቸውን ቀደም ሲል ተቀብሎ በዚያ ዝንብ የሄደበት በሚመስል ጽሑፉ ጽፎታል። ሕጉ ቃል ለሰጪው ይነበብለት ይላል፤ ወረቀቱን አንስቼ አነበብኩላቸው። አነበብኩ ማለት ውሸት ነው። መነጽሬን አላደረግኩም። ሰፋ ሰፋ ያሉትን ቃላት እየያዝኩ የቀረውን ከራሴ ሞላሁት።

«…ክፍሉን ጠረግሁ፣ ቆለፍሁ፣ ወጣሁ።» ጨረስኩ። «ፈርሚ።»

«ይኸው ነው?» አሉኝ።

«ይኸው ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው ማዕረጌ ላይ አረፈና ብዕሩን ተቀበሉኝ። ያን ሌሊት ማረፊያ ቤት አደሩ። ቢሮው በበኩሉ ከሥራ አገዳቸው፤ ነገሩ ካልጠራ እንደማይመለሱ በጽሑፍ ደርሷቸዋል።

*

ጠዋት ቁርስ ላይ መዝገቡን ገልጬ ወረቀቱን ከዓይኔ ሳርቀው ሳቀርበው ባለቤቴ አየችኝ።

«መነጽርህን አድርግ» አለች። «እዚህ ደግሞ ማን ያይሃል?»

አደረግኩ። መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የጋሽ ንስር ፊርማ ነው። መስመሩ ላይ አልነበረም፤ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ባዶው ላይ ተንሳፍፏል። ያ ሁሉ ዘመን መስመር ሲያሰምር የኖረ እጅ ነው።

ቀጥዬ የእትዬን ቃል አነበብኩ። ትናንት ጮክ ብዬ «ያነበብኩት» ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ «ኮሪደሩ ላይ ማንም አልገባም ያልሁት አለቆቼን ፈርቼ ነው። ነጋዴው ለምኖኝ አስገብቼዋለሁ፤ ምንም ሳይነካ አብረን ወጣን። ሰባት ሰዓት ግርግሩ ሲነሳ ተመልሼ ስገባ፣ ጠርጌ በወጣሁት ምንጣፍ ላይ ትንሽ ብረት አገኘሁ። እኔ ስጠርግ አልነበረችም። በመሐረቤ ቋጥሬ ይዣታለሁ።»

እውነቱን ተናግረዋል፣ ተጽፏል፣ እኔ ፊታቸው ቁጭ ብዬ ዘልዬዋለሁ። መዝለሌ ብቻ ሳይሆን «ይኸው ነው» ብዬ አስፈርሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቻርጀር ሰጥቶኝ ኪሴ ውስጥ የቀረውን የላፕቶፖቹን መግለጫ አውጥቼ ዘረጋሁት። የመጨረሻው መስመር፣ ከሁሉም የደቀቀው፣ «ቁጥር ሦስት ወደ ኋላ አይገለበጥም» ይላል።

*

ማረፊያ ቤት ሄጄ መሐረቡን ጠየቅኳቸው። ፈትተው ሰጡኝ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ጫፏ የተቀነጠሰ ብረት ናት። ይቅርታ ልል ፈልጌ ነበር። «መጣሁ» ብቻ ብዬ ወጣሁ። እንደ ፈሪ ነው የወጣሁት።

ቻርጀር ብረቷን በጥፍሩ ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። «የማጠፊያ ክዳን ናት። የስክሪኑና የታችኛው አካል መገናኛ ላይ የምትቀመጥ። የቁጥር አንድና የሁለት ሙሉ ናቸው። ስለዚህ የሦስት ናት። እንዲህ የምትሰበረው ሰው በግድ ወደ ኋላ ሲገለብጠው ነው።»

«ማን ይገለብጠዋል?»

«ማንም። አይገለበጥም ተብሎ ተጽፏል፤ ሁላችንም አንብበናል።»

ትናንት ያሳሸግኩትን የስብሰባ ክፍል አስከፍቼ ወደ ቁጥር ሁለት ወሰድኩት። «ይህ ፊደል እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው?»

ቻርጀር ጎንበስ ብሎ አየና ግንባሩን ቋጠረ። «ኧረ አይደለም። ጥራቱ እንዲህ ከፍ ያለ ስክሪን ካላስተካከሉት ፊደሉ ይደቃል። ሰው ገብቶ አተልቆታል። ያውም በጣም።»

ነጋዴው ስድስት ከሩብ ላይ ደቃቅ ነበር ብሏል። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ትልቅ ሆኖ አይቼዋለሁ። እትዬ ከቆለፉ በኋላ አንድ ሰው በቁልፍ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ፊደል አተልቋል። ሊሰርቅ የገባ ሰው ተቀምጦ ፊደል አያተልቅም። ይህን ትናንት ማየት ነበረብኝ። ያላየሁት ለእኔ ዓይን ልክ ስለነበረ ነው፤ እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየኝም።

«ዓይኑ የደከመ ሰው ነዋ» አለ ቻርጀር። «ግን ከእኛ ቢሮ ማን…» ቁልፉን አስቦ ቆመ። «ኢንስፔክተር፣ አይሆንም። እሳቸው እኮ ንስር ናቸው።»

መስመሩን ስቶ የተንሳፈፈውን ፊርማ አሳየሁት።

*

ጋሽ ንስር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በሩን ያዩ ነበር። በሩን አይተው ይሁን የእግሬን ድምፅ ሰምተው፣ እንጃ። አንድ ሰው መጥቶ ብቻቸውን እንዲያናግራቸው ሲጠብቁ ያደሩ ይመስላሉ።

«እነዚህን መሳቢያዎች ማን ይከፍታቸዋል?» አልኳቸው።

«እኔ ብቻ። የወረቀት ካርታ ዛሬ ማን ይፈልጋል?» ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣ «ከላይ አራተኛው ነው» አሉ።

ሳብኩት። በሁለት የድሮ ካርታዎች መሐል ቁጥር ሦስት ተኝቷል። ማጠፊያው ተገንጥሎ፣ ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጣጥቋል።

«ዛሬ ጠዋት አለቆቹ ፊት ቆሜ እየገለበጥኩ፣ በብዕሩ እየሣልኩ ላሳይ ነበር» አሉ። «በልጆቹ ፊት እንዳልደናበር ልለማመድ ገባሁ። በቁጥር ሁለት ጀመርኩ። ፊደሉ አልታይ አለኝ፤ ልጄ ስልኬ ላይ እንዳሳየኝ አድርጌ አተለቅኩት። ገለበጥኩት፣ እሺ አለ። ሦስትንም ያዝኩት። ያንገራግራል። አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ ጫን አልኩት። ጮኸ።»

«ወረቀቱ ላይ አይገለበጥም ይላል።»

«ወረቀቱንማ እኔ ነኝ ያጸደቅኩት። ፈርሜበታለሁ። አላነበብኩትም፤ አንድ ዓመት ተኩል ሆነኝ ምንም ካላነበብኩ። ልጆቹ ጋሼ እስቲ ይዩት ብለው ካርታ ሲያመጡ ጎንበስ እልና ደህና ነው እላለሁ።» ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ሰበርኩት ብል ችግር አልነበረውም። ለምን ሰበርከው ይሉኛል፤ ከዚያ ዓይኔን ያውቁብኛል። ሌባ ገባ ቢባል ቀለለኝ። እትዬ ላይ ይዞራል ብዬ አላሰብኩም።»

«ቦርሳቸው ሲገለበጥ እዚያው ነበሩ።»

«ነበርኩ። ሲገለበጥ አላየሁም፤ የዕቃውን ድምፅ ግን ሰማሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም።»

«እሳቸው ያደሩት ሲሚንቶ ላይ ነው» አልኩ፣ ቆጣ ብዬ። ቁጣዬ አየር ላይ እያለ ማን እንዳሳደራቸው ትዝ አለኝና አፈርኩ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ ነው። አይጡስ እሺ ተገኘ፤ ዳዋውን የመታው ዱላ እኔ ነኝ።

«እትዬን አመጣለሁ» አልኳቸው። «ቦርሳው የተገለበጠበት ቦታ ላይ፣ ያው ሰው ባለበት፣ እርስዎ ይናገራሉ። የቀረውን ቢሮዎ ይወስን።»

«እናገራለሁ» አሉ።

*

አምስት ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ሞላ። እትዬን ከጣቢያ ያመጣኋቸው ቦርሳቸውን ራሴ ይዤ ነው፤ ሊቀበሉኝ ሞክረው ነበር፣ አልሰጠኋቸውም። ትናንት የሳቀው ሰው ከኋላ ነበር፤ ዛሬ አልሳቀም።

ጋሽ ንስር አልተንዛዙም። «ቁጥር ሦስትን የሰበርኩትም የደበቅኩትም እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም፤ ንስር እያላችሁ ስትጠሩኝ ዝም ብያለሁ። እትዬ፣ ስለ እኔ ታሰሩ። ይቅር ይበሉኝ።» ከዚያ ወደ ቻርጀር ዞሩ። «ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። አስተያየቴን ካልናቃችሁት ግን ቁጥር ሁለትን ውሰዱ። እንደ እኔ ያለውንም አላሳፈረም።»

እትዬ ወደ እሳቸው ቀረቡ።

«ጋሼ፣ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወንበሮቹን ከመንገድዎ ላይ የማነሳው ለምን ይመስልዎታል?» አሉ። «ደረጃውን በእግርዎ እየፈለጉ ሲወርዱ አያለሁ። ብረቷን ሳገኛትም ጠርጥሬ ነበር። ስምዎን ግን አልጠራሁም።»

ጋሽ ንስር አንገታቸውን ደፉ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ እትዬን ወደ አስተዳደር ቢሮ ልወስዳቸው፣ ወደ ሥራቸው የሚመለሱበትን ደብዳቤ ላስጽፍ እጄን ዘረጋሁ። አልተንቀሳቀሱም።

«እርስዎስ?» አሉኝ።

«ምን?»

«ትናንት ያነበቡልኝ የእኔ ቃል አይደለም። የነገርኩትን ዘለሉት። ማንበብ የሚያውቅ ሰው ለምን ይዘላል እያልኩ አደርኩ።»

ኮሪደሩ ላይ ሠላሳ ሰው ነው፤ ትናንት የነበረው ያው ሰው። ብዙ መልስ ነበረኝ፤ መዝጋቢው ጽሑፉ አይነበብም፣ ክፍሉ ጨለማ ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ሁሉንም ተውኩት።

እጄን ደረት ኪሴ ከተትኩ። መነጽሬን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ ዓይኔ ላይ አደረግኩ። ከዚያ ከመዝገቡ ውስጥ ወረቀቱን አወጣሁ።

«ስላላየሁት ነው የዘለልኩት፣ እትዬ» አልኩ። «መነጽር ማድረግ አፍሬ። በእኔ እፍረት እርስዎ ታሰሩ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ያንብቡት» አሉ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጥረጊያቸውን ያስቀመጡበትን ቦታ ሳይቀር ጮክ ብዬ አነበብኩ። አለቆቻቸውን እንደፈሩ፣ ነጋዴው እንደለመናቸው፣ ጠርገው በወጡት ምንጣፍ ላይ ብረት እንዳገኙ። ሁለት ጊዜ ቃል ሳትኩ፤ ሁለቴም ተመልሼ መስመሩን ከጅምሩ አነበብኩት። እትዬ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ቃል በቃል እየቆጠሩ ሰሙኝ።

«በመሐረቤ ቋጥሬ ይዣታለሁ» ብዬ ጨረስኩ።

ትናንት የፈረሙበትን ቦታ በጣታቸው ሸፈኑና ሌላ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ብዕሩን ይስጡኝ» አሉ። «አሁን እፈርማለሁ።»